«የወፍ በሽታ» እና የጉበት ነቀርሳ፦ ዝምድናቸው እንዴት ታወቀ?

በአገር ቤት ዓይኑ ቢጫ የሆነ ሰው ሲታይ ምርመራው ረጅም ጊዜ አይወስድም። «የወፍ በሽታ ነው» ይባልና ነገሩ በዚሁ ያበቃል። ወፏ የሌሊት ወፍ ናት፤ ሰው ተኝቶ ሳለ በላዩ ስታልፍ ወይም ስትሸናበት በሽታው ይይዘዋል ተብሎ ይታመናል። መድኃኒቱም የታወቀ ነው። የስሚዛ ቅጠል ተጨምቆ ይጠጣል፤ አንዳንድ ቦታ ደግሞ ከዚያ ጠንከር ያለው እንዶድ ይሰጣል። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ የበሽተኛው ዓይን ይጠራል፣ የምግብ ፍላጎቱም ይመለሳል፤ ምስጋናው ለመድኃኒት አዋቂው ይሆናል። ዛሬ እንደሚታወቀው ግን ከእነዚህ በሽተኞች አብዛኞቹ ምንም ባይጠጡም ይድኑ ነበር። በተበከለ ውሃና ምግብ የሚመጣው ሄፓታይተስ ኤ የሚባለው ዓይነት በራሱ ጊዜ መጥቶ በራሱ ጊዜ የሚሄድ ነውና።

ሌላም በሽታ አለ። በጉልምስና ዕድሜ ላይ ያለ ሰው በቀኝ ጎኑ፣ ከጎድን አጥንቱ ሥር ሕመም ይሰማዋል። ሰውነቱ እየከሳ ሆዱ ግን ውሃ ቋጥሮ ይነፋል፤ ጥቂት ወራት ቆይቶም ይሞታል። ለዚህኛው «ጉበቱ ነው» ከማለት በቀር የተለየ ስም አልነበረውም። ይህ ሰው በሕይወት ዘመኑ ዓይኑ ቢጫ ሆኖ ላያውቅ ይችላል፤ የወፍ በሽታ ይዞት አያውቅም ተብሎም ይመሰከርለታል። ስለዚህ ሁለቱን በሽታዎች ለማገናኘት ያሰበ አልነበረም። የማገናኘቱን ሥራ የሠሩት በአውስትራሊያ ተወላጅ ደም የጀመሩና በታይዋን የመንግሥት ሠራተኞች መዝገብ የጨረሱ ተመራማሪዎች ናቸው፤ ሃያ ዓመት ገደማም ፈጀባቸው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመተ ምሕረቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አስቀድሞ ስለ ስሙ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። ጉበት ላይ የሚታይ ነቀርሳ ሁሉ የጉበት ነቀርሳ አይደለም። ከአንጀት፣ ከጡት ወይም ከሳንባ ተነሥቶ በደም ተጉዞ ጉበት ላይ የሚያርፍ አለ፤ በምዕራቡ ዓለም በብዛት የሚገኘው ይህኛው ነው። ከራሱ ከጉበት ሴሎች የሚነሣው ግን ሌላ በሽታ ሲሆን፣ ሐኪሞች «ቀዳማዊ» የሚሉትም እርሱን ነው። በ2022 በዓለም ላይ ከ860,000 በላይ ሰዎች በዚህ ነቀርሳ እንደተያዙ፣ ከ750,000 በላይ ደግሞ እንደሞቱ ተገምቷል። የያዛቸውና የሞቱት ቁጥር ይህን ያህል መቀራረቡ የበሽታውን ክፋት ይናገራል።

ነቀርሳው በዓለም ላይ እኩል አለመሰራጨቱ ገና ከጥንት ሐኪሞችን ያስገርም ነበር። በአውሮፓ የሕክምና ትምህርት ቤቶች እንደ ብርቅ የሚታየው በሽታ በአፍሪካና በሩቅ ምሥራቅ የዕለት ተዕለት ነገር ነበር። ቻርልስ በርማን የተባለ የደቡብ አፍሪካ ሐኪም በወርቅ ማዕድን የሚሠሩትን ጥቁሮች ተከታትሎ በ1951 አንድ መጽሐፍ አሳተመ። በጉበት ነቀርሳ ከሚሞቱት መካከል ከሞዛምቢክ የመጡት ወጣቶች ቁጥር ከሁሉ ይልቅ ጎልቶ ነበር። እነዚህ ሰዎች በጥንካሬያቸው ተመርጠው የተቀጠሩ፣ ገና ለጋ ጎልማሶች ናቸው። መጠጥ ነው እንዳይባል ዕድሜያቸው አይፈቅድም። የምግብ ማነስ ነው የሚሉ ነበሩ፤ ግን በዓለም ላይ የተራበ ሁሉ በዚህ ነቀርሳ አይሞትም። በ1956 ደግሞ ዳካር፣ ሴኔጋል ይሠሩ የነበሩ ፈረንሳውያን ሐኪሞች ምናልባት ሥሩ ሄፓታይተስ ሊሆን ይችላል ሲሉ ጻፉ። ሐሳቡ ትክክል ነበር፤ ነገር ግን ቫይረሱን ያየ ሰው ስላልነበረ ማስረጃ ማቅረብ አልተቻለም።

የመጀመሪያው ፍንጭ የመጣው ከማይጠበቅ ቦታ ነው። በ1960 በእንግሊዝ አገር ከ100,000 በላይ ተርኪዎች በጥቂት ወራት ውስጥ አለቁ። የገበሬዎቹ ድንጋጤ ትልቅ ነበር፤ የበሽታውም ምንነት ስላልታወቀ ስሙን «ኤክስ» አሉት። በኋላ ሲጣራ ጥፋተኛው ከብራዚል የመጣ የለውዝ ፋጉሎ ሆኖ ተገኘ። ፋጉሎው ሻግቷል፤ ሻጋታው የሚያመነጨውም መርዝ አፍላቶክሲን ተባለ። ያው ፋጉሎ ለአይጦች ሲሰጥ ጉበታቸው ላይ ነቀርሳ አወጣ። እርጥበትና ሙቀት ባለበት አገር በደንብ ሳይደርቅ የሚከማች ለውዝ፣ በቆሎና ቅመማ ቅመም ሁሉ ለዚህ ሻጋታ የተመቸ ነው።

ይህ ነገር ለኢትዮጵያውያን ባዕድ አይደለም። በ1996 የታተመ አንድ ጥናት ከአዲስ አበባ ከተሰበሰቡ የሽሮና የበርበሬ ናሙናዎች በጥቂቶቹ ላይ አፍላቶክሲን ማግኘቱን ገልጿል። በ2016 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ በአዲስ አበባና በአካባቢዋ የተሰበሰቡ 110 የወተት ናሙናዎችን መርምሮ በሁሉም ላይ የመርዙን ዝርያ አገኘ፤ ዋናው መንገድም ላሞቹ የሚመገቡት የኑግ ፋጉሎ ነበር። የሻገተን በርበሬ እንደገና ፀሐይ ላይ አስጥቶ ማስፈጨት ሻጋታውን ከዓይን ይሰውረው እንደሆን እንጂ መርዙን አያጠፋውም። መቀቀልና መቁላትም አብዛኛውን አያስወግደውም።

ሆኖም አፍላቶክሲን ብቻውን ነገሩን ሁሉ አይፈታም ነበር። ቀሪው የታሪኩ ክፍል የተጀመረው ዛሬ ሐበሻ በብዛት ከሚኖርባት ከሲልቨር ስፕሪንግ ብዙ በማትርቀው በቤተስዳ፣ ሜሪላንድ ነው። ዶክተር ባሩክ ብሉምበርግ በዚያ ባለው የመንግሥት የጤና ምርምር ተቋም ይሠራ ነበር። የሚመራመረውም ስለ ጉበት አልነበረም። ሰዎች በደማቸው ውስጥ ካለው ፕሮቲን የተነሣ ለበሽታ ያላቸው ተጋላጭነት እንዴት እንደሚለያይ ለማወቅ ከልዩ ልዩ ሕዝቦች ደም ያሰባስብ ነበር። ደም የማይረጋላቸው በሽተኞች ብዙ ጊዜ ደም ስለሚሰጣቸው ሰውነታቸው የባዕድ ደም ፕሮቲንን ለይቶ የሚያውቅ ፀረ አካል ያዘጋጃል። የእነዚህን ሰዎች ደም ከሌሎች ደም ጋር ጎን ለጎን አድርጎ ማየት ነበር ዘዴው። በ1963 ብሉምበርግና በደም ባንክ የሚሠራው ዶክተር ሃርቪ አልተር ከኒው ዮርክ የመጣ የአንድ በሽተኛ ደም ከአንድ የአውስትራሊያ ጥንታዊ ተወላጅ ደም ጋር ሲገናኝ የተለየ መስመር ሲሠራ አዩ። ምን እንደሆነ ስላላወቁ «አውስትራሊያ አንቲጅን» ብለው ሰየሙት።

ነገሩ በጤነኛ አሜሪካውያን ደም ውስጥ እጅግ ብርቅ ነበር፤ የደም ነቀርሳ ባለባቸው ላይ ግን ደጋግሞ ታየ። ስለዚህ ብሉምበርግ የደም ነቀርሳ ምልክት ነው ብሎ አሰበ። በኋላም ዳውን ሲንድረም ያለባቸው ሰዎች ላይ በብዛት አገኘው። ተሳስቶ ነበር፤ ስህተቱ ግን ትክክለኛው በር አጠገብ አደረሰው። እነዚህ ሰዎች በዚያን ጊዜ በትላልቅ ማኖሪያ ቤቶች ተጨናንቀው ይኖሩ ስለነበር ተላላፊ በሽታ በቀላሉ ያገኛቸው ነበር። በ1966 ከመካከላቸው አንዱ፣ ቀድሞ ደሙ ንጹሕ የነበረ፣ በድጋሚ ሲመረመር አንቲጅኑ ተገኘበት፤ ጉበቱም በዚያው ሰሞን ታምሞ ነበር። በ1967 የፀደይ ወራት ደግሞ የራሱ የብሉምበርግ ላቦራቶሪ ባልደረባ የሆነች ሴት ድካም ተሰማት፤ ሽንቷም ጠቆረ። የራሷን ደም ወስዳ ብትመረምረው አንቲጅኑ ታየ። በዚህ ምርመራ ሄፓታይተሱ የታወቀላት የመጀመሪያዋ ሰው እርሷ ሆነች፤ ደግነቱ ድናለች። እነ ብሉምበርግ በዚያው ዓመት ውጤታቸውን ሲያሳትሙ ብዙዎች አላመኗቸውም። በ1968 የኒው ዮርክና የቶኪዮ ተመራማሪዎች ያንኑ ካረጋገጡ በኋላ ነው «አውስትራሊያ አንቲጅን» የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ ቅርፊት መሆኑ የታመነው። ብሉምበርግ በ1976 የኖቤል ሽልማት አገኘ፤ በ2011 አረፈ። የልደቱ ቀን ሐምሌ 28 (እንደ ፈረንጆቹ ጁላይ 28) ዛሬ የዓለም የሄፓታይተስ ቀን ሆኖ ይታሰባል።

አንቲጅኑን መመርመር ከተቻለ በኋላ የዳካሩ ጥርጣሬ እንደገና ተነሣ። በ1976 በሴኔጋል የተደረገ ጥናት በጉበት ነቀርሳ የተያዙ ሰዎችን ብቻ ሳይሆን እናቶቻቸውንና አባቶቻቸውንም መረመረ። ቫይረሱ ከሌላው ሰው ይልቅ በበሽተኞቹ እናቶች ደም ውስጥ በብዛት ተገኘ፤ በአባቶቹ ላይ ግን እንደዚያ አልነበረም። ይህ ማለት በአርባ ዓመቱ በነቀርሳ የሚሞት ሰው ቫይረሱን የተቀበለው በተወለደበት ዕለት ወይም በሕፃንነቱ ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

ምክንያቱ ኋላ ላይ በደንብ ታወቀ። ትልቅ ሰው በሄፓታይተስ ቢ ሲያዝ ሰውነቱ ይዋጋዋል፤ ዓይኑ ቢጫ ይሆናል፣ ይተኛል፣ ይነሣል፤ ከመቶው ዘጠና አምስቱ ቫይረሱን ጠርገው ያስወጡታል። አዲስ የተወለደ ሕፃን ግን የመከላከያ ኃይሉ ገና ያልጠና ስለሆነ ቫይረሱን እንደ ባዕድ አይቆጥረውም፤ ቤተኛ ያደርገዋል። ሕመምም ሆነ ቢጫነት አይታይም። ከእናታቸው በወሊድ ጊዜ ከሚይዛቸው ሕፃናት እስከ ዘጠና በመቶ የሚደርሱት ቫይረሱን ዕድሜ ልካቸውን ይሸከሙታል። ቫይረሱ በዓመታት ውስጥ ጉበትን እያቆሰለ፣ ጉበቱም እየሻረ ጠባሳ ይከማቻል፤ ከዚያም አልፎ የቫይረሱ ቅንጣት በጉበት ሴል የዘር ቅመም ውስጥ ይሰገሰጋል። ለዚህም ነው ጉበታቸው ገና ያልጠጠረ ሰዎች እንኳ በነቀርሳው የሚያዙት።

የመጨረሻውን ማስረጃ ያመጣው አሜሪካዊው ዶክተር ፓልመር ቢዝሊ ነው። ታይዋን ሄዶ ዓመታት ተቀመጠ። በዚያ አገር የመንግሥት ሠራተኞች ሁሉ በአንድ ኢንሹራንስ ሥር ስለነበሩ ማን መቼ በምን እንደሞተ በመዝገብ ይገኝ ነበር። ቢዝሊና ባልደረቦቹ 22,707 ወንዶችን መዘገቡ፤ ከእነርሱም 3,454ቱ ቫይረሱን የተሸከሙ ነበሩ። ከዚያ በኋላ ሥራው መጠበቅ ነበር። በ1981 ውጤቱ ሲታተም በጉበት ነቀርሳ የሞቱት 41 ደርሰው ነበር። ከ41ዱ 40ዎቹ ቫይረሱ የነበረባቸው ናቸው፤ አንዱ ብቻ አልነበረበትም። ቫይረሱ ያለበት ሰው በዚህ ነቀርሳ የመያዝ ዕድሉ ከሌለበት ከ200 ጊዜ በላይ እንደሚበልጥ ተሰላ። ሲጋራ ለሳንባ ነቀርሳ ያለው ዝምድና እንኳ ይህን ያህል የጠነከረ አይደለም። ከአሥር ዓመት በላይ ቆይቶ በ1994 የታተመ የሻንጋይ ጥናት ደግሞ የሻጋታውን ታሪክ ከቫይረሱ ጋር አጣመረው። አፍላቶክሲን ብቻውን አደጋውን 3 እጥፍ ገደማ፣ ቫይረሱ ብቻውን 7 እጥፍ ገደማ ሲያሳድገው፣ ሁለቱ አንድ ላይ ሲገናኙ ግን ወደ 60 እጥፍ አደረሱት። በርማን የሞዛምቢክ ወጣቶችን አይቶ ሊፈታው ያልቻለው እንቆቅልሽ በአብዛኛው በዚህ ተፈታ።

ክትባቱም በዚሁ ጊዜ ደረሰ፤ አሠራሩም እንግዳ ነበር። ቫይረሱን በላቦራቶሪ ማሳደግ ስላልተቻለ ቅርፊቱን ከተሸካሚዎች ደም ላይ አጣርቶ ክትባት ማድረግ ተሞከረ። ሐሳቡ የብሉምበርግና የባልደረባው ኢርቪንግ ሚልማን ሲሆን፣ የሠራው ሞሪስ ሂልማን ነው። ቮልፍ ሽሙነስ የተባለው የፖላንድ ስደተኛ ሐኪም በኒው ዮርክ በ1,083 ሰዎች ላይ ሞክሮ ከዘጠና በመቶ በላይ እንደሚከላከል በ1980 አሳየ። በ1981 ተፈቀደ። ሆኖም ያ ዘመን ኤድስ የታየበት ነበርና ከሰው ደም የተሠራ ክትባት መውሰድ ብዙዎችን አስፈራ። በ1986 የወጣው አዲሱ ዓይነት ይህን ሥጋት አስወገደ፤ ቅርፊቱ የሚመረተው ዳቦ በሚቦካበት እርሾ ውስጥ ነው።

ታይዋን አልጠበቀችም። በሐምሌ 1984 ቫይረሱ ካለባቸው እናቶች የሚወለዱትን፣ በ1986 ደግሞ ሕፃናትን ሁሉ መከተብ ጀመረች። በ1997 የታተመው ውጤት ከ6 እስከ 14 ዓመት ባሉ ልጆች ላይ የጉበት ነቀርሳ ከ100,000 ልጅ 0.70 የነበረው ወደ 0.36 መውረዱን አሳየ። ነቀርሳን በክትባት መከላከል እንደሚቻል በሕዝብ ላይ ሲታይ ይህ የመጀመሪያው ነው። ከአፍሪካ አገሮች ጋምቢያ በ1986 ቀዳሚ ሆነች።

ኢትዮጵያስ? ፕሮፌሰር እደማርያም ጸጋ ከ1970ዎቹ ጀምሮ የጉበት በሽታን በአገሪቱ አጥንተዋል። በ1988 የታተመው ብሔራዊ ጥናትም ከየክፍላተ ሀገሩ የተውጣጡ 5,270 ወጣት ወንዶችን መርምሮ በ10.8 በመቶዎቹ ላይ ቫይረሱን አገኘ። ከአሥር ወጣት አንዱ መሆኑ ነው። የሕፃናት ክትባቱ ግን ለኢትዮጵያ የደረሰው በ2007 ሲሆን፣ አምስት በሽታዎችን በአንድ መርፌ ከሚከላከለው ክትባት ጋር ነው። የሚሰጠውም ሕፃኑ ስድስት ሳምንት ሲሞላው ስለተጀመረ በወሊድ ዕለት ከእናት የሚተላለፈውን አይቀድመውም። በአዲስ አበባ የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል የሄፓታይተስ ቢ የሕክምና ፕሮግራም የተጀመረው በ2015 ነው። እንግዲህ ዛሬ በዋሽንግተን፣ በስቶክሆልም ወይም በሪያድ የሚኖር ኢትዮጵያዊ ጎልማሳ ከ2007 በፊት ተወልዶ ከሆነ በሕፃንነቱ በኢትዮጵያ መደበኛ ፕሮግራም አልተከተበም።

የሕክምናው ታሪክ ከመከላከሉ ይልቅ አዝጋሚ ነው። የጉበት ንቅለ ተከላን በሰው ላይ መጀመሪያ የሞከረው ዶክተር ቶማስ ስታርዝል በዴንቨር ሲሆን፣ ዓመቱ ያው 1963 ነው። ሕፃኑ በቀዶ ሕክምናው ጠረጴዛ ላይ ሞተ። በ1967 የመጀመሪያው የተሳካ ንቅለ ተከላ የተደረገላት የ19 ወር ሕፃን የጉበት ነቀርሳ ነበረባት፤ ከአንድ ዓመት በላይ ኖራ ነቀርሳው ተመልሶ ገደላት። ለብዙ ዓመታት ነቀርሳ ላለበት ሰው አዲስ ጉበት መስጠት ማባከን ነው እስከ መባል ተደርሶ ነበር። በ1996 የሚላኑ ዶክተር ማዛፌሮ 48 በሽተኞችን አቅርቦ ክርክሩን ቀየረው። ዕጢው አንድ ሆኖ ከ5 ሳንቲ ሜትር ካልበለጠ፣ ወይም እስከ ሦስት ሆነው እያንዳንዳቸው ከ3 ሳንቲ ሜትር ካልበለጡ፣ ከአራት ዓመት በኋላ ከመቶው 75ቱ በሕይወት ይገኛሉ። ይህ መለኪያ እስከ ዛሬ ይሠራበታል። ዕጢውን ቆርጦ ማውጣት ወይም በመርፌ ገብቶ በሙቀት ማቃጠልም የሚቻለው ትንሽ ሳለ ነው። ከተስፋፋ በኋላ የሚሰጠው የመጀመሪያው ውጤታማ ክኒን ሶራፌኒብ በ2007 ሲወጣ የጨመረው ዕድሜ ሦስት ወር ያህል ነበር። በ2020 የተፈቀዱት አቴዞሊዙማብና ቤቫሲዙማብ የተባሉ በደም ሥር የሚሰጡ መድኃኒቶች ከዚያ የተሻሉ ናቸው፤ ቢሆንም ብዙውን ጊዜ አያድኑም።

ስለዚህ ነገሩ ሁሉ ቀድሞ ከማወቅ ጋር የተያያዘ ነው። ቫይረሱን ጨርሶ የሚያጠፋ መድኃኒት ባይኖርም ቴኖፎቪርና ኢንቴካቪር የተባሉት ክኒኖች አስተኝተው ያቆዩታል፤ በነቀርሳ የመያዝንም ዕድል ይቀንሳሉ። ሄፓታይተስ ሲ ግን፣ እርሱም ወደዚሁ ነቀርሳ የሚያደርስ ሲሆን፣ ከ2014 ገደማ ወዲህ በጥቂት ወራት ክኒን ፈጽሞ ይድናል። በምዕራቡ ዓለም ደግሞ መጠጥ፣ ውፍረትና ስኳር በሽታ የሚያመጡት የጉበት ስብ እየጨመረ የመጣ ምክንያት ነው። በአፍሪካ የተወለዱ ተሸካሚዎች ነቀርሳው በአርባዎቹ ዕድሜ፣ አንዳንዴም ከዚያ በፊት ስለሚመጣባቸው፣ ሐኪሞች በየስድስት ወሩ የአልትራሳውንድ ምርመራ እንዲያደርጉ ይመክራሉ፤ ከእርሱ ጋር አልፋ ፌቶፕሮቲን የሚባል የደም ምርመራም ይደረጋል።

ብዙ ሰው ግን ነገሩን የሚሰማው በሌላ መንገድ ነው። ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች ለሥራ የሚሄዱ ወጣቶች ለቪዛ ሲመረመሩ ሄፓታይተስ ቢ ወይም ሲ ከተገኘባቸው ይከለከላሉ። ወረቀቱን ይዘው ሲወጡ ስለ ቪዛው ከማልቀስ በቀር ስለ ጉበታቸው የሚነግራቸው ላይኖር ይችላል። ይህ ፍርሃት ውቅያኖስ ተሻግሮ አሜሪካም ገብቷል፤ ተመርምሬ ቢገኝብኝ ወረቀቴ ይበላሻል የሚል አለ። በአሜሪካ ሕግ ሄፓታይተስ ቢ መኖሪያ ፈቃድ የሚያስከለክል በሽታ አይደለም። ሌላው ፍርሃት የሰው ዓይን ነው። ቫይረሱ የሚተላለፈው በደም፣ በግብረ ሥጋ ግንኙነትና በወሊድ ነው፤ በአንድ መሶብ በመብላት፣ በጉርሻ ወይም በአንድ ብርጭቆ በመጠጣት አይተላለፍም። ምላጭ ግን መጋራት አይገባም።

በ2023 የአሜሪካ የበሽታ መከላከያ ማዕከል ዕድሜው ከ18 ዓመት በላይ የሆነ ሰው ሁሉ ቢያንስ አንድ ጊዜ እንዲመረመር መክሯል። አንድ ጊዜ በሚቀዳ ደም ሦስት ነገር ይታያል፦ ቫይረሱ አሁን መኖሩ፣ ቀድሞ ይዞ የለቀቀ መሆኑና ከክትባት የተገኘ መከላከያ መኖሩ። ያልያዘውና ያልተከተበው ይከተባል። ነፍሰ ጡሯ ቫይረሱ ካለባት ሕፃኑ በተወለደ በ12 ሰዓት ውስጥ ክትባቱና የመከላከያ ፀረ አካሉ ይሰጠዋል። በአንድ ቤት ታላቅ ወንድም ላይ ከተገኘም እህትና ወንድሞቹ፣ ቢቻል አገር ቤት ያሉትም ጭምር፣ ይመረመራሉ፤ በዳካር እንደታየው የሁሉም ምንጭ አንዲት እናት ልትሆን ትችላለችና።